አጎቴ የሞቱበት ስብሰባ

እኔ ከባጃጅ መውረድ የማልችል ሰው ነኝ። እግሬ ደህና ነው፤ የቸገረኝ አፌ ነው። «ወራጅ አለ» የምትባለዋ ነገር ጉሮሮዬ ድረስ ትመጣና እዚያው ትቀመጣለች። እኔም አብሬያት እቀመጣለሁ። ቤታችንን አየዋለሁ፣ አልፈዋለሁ፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ እጠብቃለሁ። ሌላው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ የሚወርደው ሩቅ ነው። አንድ ጊዜ ከዳባት ስመለስ የተሳፈርኩበት መኪና ወደ ዛሪማ የሚያልፍ ሆነና ደባርቅ ላይ ከእኔ በቀር የሚወርድ ጠፋ። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ጨርሰን የቆላው ሙቀት ሲመታን ነው ረዳቱ «አንቺስ የት ነሽ?» ያለኝ። ደባርቅ ነኝ ብዬ በሹክሹክታ ነገርኩት። «ደባርቅማ ከላይ ቀረች» አለኝ።

ትምህርቴንም ያስቀረው ይኸው ነው። መምህሩ ስም ሲጠሩ «አቤት» እላለሁ፤ ከእኔ በቀር የሚሰማኝ የለም። ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ዓመቱን ሙሉ ቀሪ ነበርኩ። ስድስተኛ ክፍልን ስጨርስ ይቺ ልጅ ከየት መጣች ተባለ። ከየትም እንዳልመጣሁ፣ እዚያው እንደነበርኩ ማስረዳት አቃተኝና ቤቴ ቀረሁ።

ይኼን ሁሉ የማወራው ቀድማችሁ እንዳትፈርዱብኝ ነው። ደባርቅ ውስጥ «በቁሙ ላለ አጎቷ ሰው ያስለቀሰች» እየተባልኩ እታማለሁ። እኔ ሰው አላስለቀስኩም። ዝም ብቻ ነው ያልኩት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ በእኔ ግን ድንኳን ሙሉ ለቀስተኛ ገባበት።

አጎቴ ይርጋ የእናቴ ወንድም ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ የምኖረው ከእሳቸው ጋር ነው። መምህር ነበሩ፤ ጡረታ ሲወጡ ተቃዋሚ ሆኑ። ሌላው ጡረተኛ ንብ ያረባል፣ ወይም ቅዳሴ አያመልጠውም፤ እሳቸው ይቃወማሉ። በወረዳው ምክር ቤት ውስጥ ከተቃዋሚ ወገን የተመረጡት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሰብሳቢው «የሚደግፍ?» ሲል የእጅ ጫካ ይበቅላል። «የሚቃወም?» ሲል ደግሞ ቀና እንኳ ሳይል «አንድ» ይላል። አንድ ጊዜ አጎቴን ጉንፋን ይዟቸው ቤት በዋሉበት ቀንም «አንድ» ብሏል አሉ።

ቤት ውስጥም ያው ናቸው። ወጡ ጨው በዛበት አይሉም። «በወጡ ላይ የተለየ ሐሳብ አለኝ» ነው የሚሉት።

እኔ የምሠራው እናቶች ማቆያ ነው። ማቆያ ማለት ከጤና ጣቢያው አጠገብ ያለች ሁለት ክፍል ቤት ናት። መኪና ከማይገባበት ቀበሌ ያሉ ነፍሰ ጡሮች የመውለጃቸው ቀን ሲቃረብ መጥተው ይቀመጡባታል። በበቅሎ የምትመጣ አለች፣ ሆዷን በነጠላ አስራ ገደሉን በእግሯ የምትወጣ አለች። እኔ ገንፎ እገነፋለሁ፣ ውሃ አሞቃለሁ። እነሱ ያወራሉ፣ እኔ እሰማለሁ። በዓለም ላይ ለእኔ ተብሎ የተፈጠረ ሥራ ቢኖር ይኼ ነው። ምጥ የያዛት ሴት ገንፎ ሠሪዋ ለምን ዝም አለች ብላ አትጠይቅም።

ዘንድሮ ታዲያ ቁጠባ የሚባል ነገር መጣ። በጀቱ አንሷል፣ ወጪ ይቀነስ ተባለ። መጀመሪያ ከየቢሮው አምፖል ወለቀ። ቀጥሎ ስብሰባ ላይ የሚታደለው የታሸገ ውሃ ቀረ፤ ውሃው ሲቀር ስብሰባውም አጠረ። እስከዚህ ድረስ ቁጠባው ደህና ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ የማቆያችን ዱቄትና ማገዶ ተራ ደረሰ። ከሐምሌ ጀምሮ ማቆያዋ ትዘጋ፣ ሴቶቹም ምጥ ሲጀምራቸው ከየቤታቸው ይነሱ ተባለ። አጎቴ ተነስተው፣ ምጡስ መንገዱን አይቶ ነው ወይ የሚጀምረው ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው «አንድ» አለ።

በጀቱን የሚቆርጡት ኃላፊ አቶ ሸጋው ይባላሉ። የአጎቴ ተማሪ ነበሩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ መቀስ ተሰጥቷቸው የሚቆረጥ ፈልጉ የተባሉ ሰው ናቸው።

አጎቴ ሕዝብ ሰብስቤ በጀቱን አጋልጣለሁ አሉ። አዳራሹን ቢጠይቁ፣ አዳራሹ መብራትና ዘበኛ ስለሚፈጅ በቁጠባው ምክንያት አይከፈትም ተባሉ። በጣም ደስ አላቸው። ቁጠባው ቁጠባውን እንዳይቃወሙት ሲከለክላቸው በዓይናቸው አዩ። እንግዲያው ከቤቴ ደጅ እሰበስባለሁ አሉና የግብዣ ወረቀት በየምሰሶው ለጠፉ። ወረቀቱን ያነበበው ፍየል ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ እስከ ወገቡ በልቶታል።

ወሩ ሰኔ ነው። የደባርቅ ሰኔ ጠዋት ፈገግ ይልና ከሰዓት በረዶውን ያወርደዋል። ስለዚህ ድንኳን ያስፈልጋል። ድንኳን ያለው ደግሞ እድሩ ነው።

የእድሩን ዳኛ አያ ታከለን ለመጠየቅ አብሬያቸው ሄድኩ። አያ ታከለ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። ከቃል ቃል እስኪያመጡ ድረስ ሰው ውሃ ቀድቶ ሊመለስ ይችላል። በእድሩ ደንብ ድንኳን የሚወጣው ለሐዘንና ለሠርግ ብቻ መሆኑን አስረዱ። ስብሰባ የሚባል በደንቡ የለም። ከዚያ አጎቴን ከእግር እስከ ራሳቸው አዩዋቸው።

«ይኼን ያህል ዘመን ስትከፍል አንድ ቀን እንኳ አልሞትክም» አሉ። «ለአንድ ቀን ብቻ ውሰደው። ለፖለቲካ መሆኑን አባላቱ የሰሙ እንደሆነ ግን ትሰረዛለህ። እኔም ይኼን ዳኝነት እለቃለሁ።»

ስብሰባው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነበር። አጎቴ በጠዋት ተነስተው ድምፅ ማጉያ ሊዋሱ ወደ ዳባት ሄዱ። ንግግራቸውን በስልካቸው ለመቅረጽ ስላሰቡ ባትሪው እንዳያልቅ ስልኩን ዘጉት። ለእኔ ድንኳኑን አስተክይ አሉኝ። «ለሚመጣው ሰው ሁሉ ስብሰባው ከምሳ በኋላ ነው በዪ» ብለውም አዘዙኝ። ለእኔ፤ በዪ ብለው። እንግዲህ የጥፋቱን መጀመሪያ ከዚህ ላይ ቁጠሩልኝ።

ድንኳኑን በጋሪ አስጭኜ ከእድሩ ዕቃ ቤት ስወጣ አያ ዘሩ አዩኝ። አያ ዘሩ የእድሩ ጡሩንባ ነፊ ናቸው። ስብሰባ ይኑር አይኑር የሚያውቁት ነገር የለም፤ የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፤ ድንኳን ከወጣ ጡሩንባ ይከተላል። ሠርግ ቢሆን ኖሮ ከሳምንት በፊት ይሰሙ ነበር። ማን ቤት ነው ብለው ጠየቁኝ። ጋሪውን ስገፋ ትንፋሼ ተቆርጦ ስለነበረ በአገጬ ወደ አጎቴ በር አመለከትኩ።

እጃቸውን አናታቸው ላይ አደረጉ። «ወይ ይርጋ» አሉ።

እኔ ድምፄን ከጉሮሮዬ ፈልጌ እስካወጣ ድረስ እሳቸው ከመስቀለኛው መንገድ ደርሰው ጡሩንባውን ነፍተውታል። አያ ዘሩ ብዬ ተጣራሁ። ደግሜም ተጣራሁ። ጡሩንባን በሹክሹክታ የረታ ሰው ካለ ይምጣና ያስተምረኝ።

ድንኳኑ ገና አንድ ጎኑ ሳይቆም ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከች አሉ። መጥረጊያዬን ከእጄ ነጠቁኝ፣ ፍራሽ አነጠፉ፣ መሀል ላይ አስቀመጡኝ። አንዷ በግራ አንዷ በቀኝ ይዘውኛል። እንዲህ ተይዤ የማውቀው ክትባት ስወጋ ነው።

ስብሰባው ከምሳ በኋላ ነው ልል አሰብኩ። እንባ ያቀረረ ሰው ፊት እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይወጣል? በመጨረሻ ያለኝን ጉልበት ሰብስቤ «አልሞቱም» አልኩ።

ሴቶቹ ተያዩ። በግራ የያዘችኝ ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ አስደገፈችው። ባሏ የሞተ ጊዜ እሷም እንዲሁ ብላ ነበር፤ ሦስት ወር ሙሉ ራቱን ታስቀምጥለት ነበር አሉ።

«ዳባት ሄደው ነው። ከሰዓት ይመለሳሉ» አልኩ። በሰው ፊት ከተናገርኳቸው ንግግሮች ሁሉ ረጅሙ ይኼ ነው። ውጤቱን ልንገራችሁ፤ ድንኳኑ በሙሉ እዬዬ አለ።

በዚህ መሀል እትዬ ዘሀራ ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። ከበራችን ፊት ለፊት ዱቄትና ሳሙና ይሸጣሉ፤ ሰፈሩ ውስጥ የማያዩት ነገር የለም። «ጠዋት በዚህ ዓይኔ አይቼዋለሁ፤ የዳባት መኪና ውስጥ ሲገባ» እያሉ ደረታቸውን መቱ። በእኔ ቤት አዳኑኝ፣ በሕይወት ያያቸው ሰው ተገኘ ብዬ ነበር። ሰዉ ግን እስካሁን ጨንቆት የነበረው ሬሳው የት አለ የሚለው ነው። የዳባት መኪና የምትለዋን ሲሰማ እፎይ አለ፤ መኪናው ተገልብጧል ማለት ነው። ትንሽ ቆይቶ የተገለበጠበት ኩርባ ታወቀ። ቀጥሎ ሾፌሩ እንቅልፍ እንዳልተኛ ታወቀ። ሬሳው እስኪመጣ ንፍሮው ይቀቀል ተባለ።

ስልካቸው ላይ የደወለ ሁሉ ዝግ ነው አለ። ዝግ ነው ባለ ቁጥር ለቅሶው ይጨምራል።

እውነቱን ልናገር፤ እኔም መጠራጠር ጀመርኩ። ይኼ ሁሉ ሰው፣ ሽማግሌው ሁሉ፣ ነጋዴው ሁሉ ተሳስቶ እኔ ስድስተኛ ክፍል የቀረሁት ልክ ልሆን ነው? ደግሞ መኪና ይገለበጣል። ኩርባውንም አውቀዋለሁ። በወጡ ላይ የተለየ ሐሳብ የሚኖረው ሰው ከእንግዲህ የለም ማለት ነው ብዬ ሳስብ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ። በግራ የያዘችኝ «ይኸው፣ አሁን ገባት» አለች።

ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ገበያተኛው አህያውን በር ላይ እያሰረ ይገባል። ተራራ ሊያይ ወደ ጨነቅ የሚወጣ አንድ ፈረንጅ እንኳ ከነበቅሎ ነጂው ገብቶ ተቀመጠ፤ ንፍሮ ሰጡት፣ ደጋግሞ ጎንበስ እያለ በላ። ከሁሉ ያባሰብኝ ግን የማቆያዬ ሴቶች ናቸው። የገንፎ ሠሪያችን ሐዘን የእኛም ነው ብለው ወገባቸውን ይዘው በሰልፍ መጡና ፊት ለፊት ተደረደሩ። አጎቴ አይተዋቸው አያውቁም፤ እነሱም አያውቋቸውም። ለእነሱ ሲጮሁ እንደነበር ግን ከእኔ ሰምተዋል። ማታ ማታ ገንፎ ሳማስል ለእነሱ ብቻ ትንሽ ትንሽ እናገራለሁ።

አያ ታከለም መጡ። ድንኳኑ ለስብሰባ መውጣቱን የሚያውቁ አንድ ሰው እሳቸው ናቸውና ተስፋ አደረግኩ። ድንኳኑን ቀና ብለው አዩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለስብሰባ ብሎ ወስዶ ለራሱ ሆነው፣ ሰው ነገውን አያውቅም አሉና ተቀመጡ። የሰፈራችን አልቃሽ ይቺን ስትሰማ ተነሳች።

እጁን ብቻ አንስቶ፣ ሁሉን ሲቃወም፣
ሞትን ግን እንዴት ነው፣ እምቢ አላለውም?

ማገዶው ጎደለ፣ ዱቄት ተቀነሰ፣
ይርጋን ጨመሩና፣ ቁጠባው ደረሰ።

ሁለተኛዋን ስታወርድ የመንግሥት መኪና በር ላይ ቆመና አቶ ሸጋው ወረዱ። በእኛ አገር በጀት ላይ የተጣላ ሰው ለቅሶ ላይ አይቀርም። አቶ ሸጋው ኮፍያቸውን አውልቀው ተቀመጡ፤ ቁጠባ የምትለዋን ግጥም ሰምተዋታል መሰለኝ፣ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ።

እኔ ለእሳቸው ውሃ ላምጣ ብዬ ተነሳሁና በጓሮ በኩል ወደ ማድ ቤት ዞርኩ። የጓሮው አጥር በር ተከፈተ። አጎቴ ይርጋ፣ ድምፅ ማጉያውን በብብታቸው ሸጉጠው፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው ገቡ።

ጣሳው ከእጄ ወደቀ። እሳቸው እኔን አላዩኝም። ዓይናቸው በድንኳኑ ቀዳዳ ሕዝቡን ነው የሚያየው። አጎቴ በዕድሜያቸው ከጠሩት ስብሰባ ሁሉ የመጣው ሰው ተደምሮ የዛሬውን አንድ ጥግ አይሞላም። ፊታቸው እንደ ሙሽራ በራ።

«ይኼ ሁሉ ሕዝብ ለበጀቱ ነው?» አሉኝ። ደግሞ ትንሽ አዩና፣ «ያለቅሳሉ እኮ። ይኼን ያህል ገብቷቸዋል?»

«ጋሼ፣ ሰው ሞቶ ነው» አልኩ።

«ማን ሞተ?»

«አንቱ።»

ግጥም አድርገው ዝም አሉ። እንደ እኔ ሆኑ ማለት ነው። በሹክሹክታ ድንኳኑን፣ ጡሩንባውን፣ ኩርባውን ነገርኳቸው። ልገባ ነው ብለው አንድ እግራቸውን ሲያነሱ የአቶ ሸጋው ድምፅ ተሰማ። አቶ ሸጋው ተነስተው ስለ ሟች እየተናገሩ ነው። አጎቴ እግራቸውን መለሱ። ስለ ራሱ ሲወራ ቆሞ የማይሰማ ሰው አላየሁም፤ እንኳን ፖለቲከኛ።

አቶ ሸጋው ፊደል ያስቆጠሯቸው ጋሽ ይርጋ መሆናቸውን ተናገሩ። ምክር ቤት ውስጥ ሲከራከሯቸው ማታ እቤታቸው ገብተው እንቅልፍ እንደሚያጡ ተናገሩ። አጎቴ በነጠላዬ ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «በሕይወት እያለሁ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም» አሉኝ። እኔ የኮታቸውን ጅራት በሁለት እጄ ይዣለሁ። ሰውዬው በንግግራቸው ወደ ማቆያው ነገር እየተጠጉ ነበርና ይቺን ዓረፍተ ነገር እስኪጨርሱ ድረስ አጎቴ ሞተው መቆየት አለባቸው።

«ስለ እናቶች ማቆያው ጋሽ ይርጋ የተናገሩት ልክ ነበር» አሉ አቶ ሸጋው። «በዚህ ድንኳን ሥር ቃል እገባለሁ። ማቆያው አይዘጋም።»

የማቆያዬ ሴቶች ሆዳቸውን ይዘው እልል ሊሉ ደረሱና ለቅሶ መሆኑ ትዝ ሲላቸው አፋቸውን ያዙ። እኔ ደግሞ ኮቱን ልለቅ ጣቶቼን አላላሁ።

«በአምናው በጀት ይቀጥላል» አሉ አቶ ሸጋው።

«የአምናው አይበቃም!» የሚል ድምፅ ከድንኳኑ ጀርባ ተሰማ። «ዱቄት ጨምሯል!»

ኮቱ እጄ ላይ ቀረ። አጎቴ የድንኳኑን ሸራ ገልጠው እጃቸውን እንዳነሱ በሸሚዝ ገብተዋል። እዚያ ውስጥ የሆነውን ሁሉ ልዘረዝርላችሁ አልችልም። አያ ዘሩ ጡሩንባቸውን ጥለው የበቅሎው ሥር ተገኙ። አልቃሿ ግጥሜን መልሱልኝ አለች። እትዬ ዘሀራ ወንበር ላይ ወጥተው፣ መኪናው ውስጥ ሲገባ በዓይኔ አይቼዋለሁ አላልኩም ወይ እያሉ ይጮሃሉ። ፈረንጁ አጨበጨበ። አንዲት አሮጊት ወደ አጎቴ ተጠግተው ጉንጫቸውን ቆነጠጡና «ሥጋ ነው» ብለው ለሕዝቡ አስታወቁ።

አቶ ሸጋው ኮፍያቸውን አደረጉ። የተናገሩት ለሟች መሆኑን፣ ሟች ከሌለ ቃሉም እንደሌለ ገልጸው ወደ መኪናቸው ሊሄዱ ተነሱ። ያን ጊዜ ነው የሰኔው በረዶ የተደፋው።

የደባርቅ በረዶ ሲወርድ ማንም ከተጠለለበት አይወጣም። መንግሥትም፣ ተቃዋሚም፣ አህያም ድንኳኑ ሥር ተጠጋጋ። አጎቴ ሕዝቡን አዩ፣ በሩን አዩ፤ የሚያመልጥ የለም። ድምፅ ማጉያውን አነሱና ንግግራቸውን ጀመሩ። ድምፅ ማጉያው ውሃ ገብቶት ኖሮ እንደ ጫጩት ጭው ጭው ብሎ ዝም አለ። በባዶ አፋቸው ቀጠሉ። በረዶው ሸራውን እንደ ከበሮ ይደልቀዋል። አፋቸው ሲከፈት፣ ጣታቸው ሲወዛወዝ፣ ጅማታቸው ሲገተር እናያለን፤ አንዲት ቃል የሰማ የለም። ሰዉ ለጨዋነቱ ያህል ራሱን ይነቀንቅላቸዋል። ልክ «አመሰግናለሁ» ሲሉ በረዶው ቀጥ አለ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከእድሩ አባላት አንዱ፣ ድንኳናችን ለፖለቲካ እንዴት ወጣ ብሎ ጠየቀ። ዓይን ሁሉ ወደ አያ ታከለ ዞረ። አያ ታከለ እንደ ልማዳቸው ቆዩ። በጣም ቆዩ።

«ይርጋ፣ አንተው ፍረድ» አሉ። «ይኼ የዋልንበት ነገር ስብሰባ ነው ወይስ ለቅሶ? ስብሰባ ነው ካልክ ከእድሩ ወጥተሃል፤ እኔም ወርጃለሁ። ሸጋውም ቃል አልገባም። ለቅሶ ነው ካልክ ድንኳን በደንቡ ነው የወጣው። ድንኳን ሥር ለሟች የተሰጠ ቃል ደግሞ አይታጠፍም። ብቻ ለቅሶህ ተለቅሷል። ወደፊት ስትሞት ሌላ ድንኳን የለህም፤ በበረዶ ነው የምትሸኘው።»

አጎቴ ሕዝቡን ቃኙት። ከዳር እስከ ዳር ቃኙት። ስብሰባ ነው ቢሉ እኮ በዚህ አገር ተቃዋሚ ጠርቶት የማያውቅ ስብሰባ ነው፤ እስኪሞቱ ያወሩታል። ከዚያ ዓይናቸው ፊት ለፊት የተደረደሩት ሆዶች ላይ አረፈ።

«በዚህ ላይ የተለየ ሐሳብ…» ብለው ጀመሩና ተዉት። «ለቅሶ ነው» አሉ።

አቶ ሸጋው ግን በጀት ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸውና ቀላል አይደሉም። ለቅሶ ከሆነ ሐዘንተኛ ይኖረዋል፣ ሁሉ ንፍሮ ሊበላ ነው የመጣው፣ ሐዘንተኛው ማን ነው አሉ። አያ ታከለ ወደ እኔ ጠቆሙ። ቆሜ የአጎቴን ኮት አቅፌያለሁ።

«አልቅሰሻል?» አሉኝ አቶ ሸጋው።

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ለሰዉ ይሰማ።»

ያን ሁሉ ዓይን አስቡት። «አቤት» ብዬ ያልተሰማሁበት ክፍል፣ ያለፈኝ ቤት፣ ሊማሊሞ ሁሉ ፊቴ ድቅን አለ። ፊት ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ፣ ከገደሉ ሥር የመጣችው፣ ገንፎ ስሰጣት እንደምታደርገው ፈገግ አለችልኝ።

«አልቅሻለሁ» አልኩ። «ከልቤ ነው። የሞቱ መስሎኝ ነበር።»

ከኋላ ያሉት ሁሉ ሰሙኝ። አጎቴ ፊታቸውን አዙረው፣ ድንኳኑ ያፈሳል እንዴ ብለው ጉንጫቸውን ጠረጉ።

አቶ ሸጋው ኮፍያቸውን እንደገና አወለቁ። ዱቄቱም እንደ ዋጋው እንዲጨመር ተስማሙ፤ አጎቴን ግን አንድ ግዴታ አስገቡ። «ሟች ምክር ቤት ገብቶ አይናገርም» አሉ። «ከተናገሩ ግን በሕይወት መኖርዎን አስታውሳለሁ።»

በጀቱ የጸደቀ ዕለት አጎቴ ያን የሚቃወም እጃቸውን ከጭናቸው ሥር አስገብተው ተቀምጠውበት ዋሉ አሉ። ሰብሳቢው «የሚቃወም?» ብሎ ቀና ሳይል «አንድ» አለ። ቀና ሲል እጅ የለም። ደነገጠና አጎቴን አሟቸው እንደሆነ ጠየቀ።

ማቆያዋ አልተዘጋችም። ከገደሉ ሥር የመጣችውም ሴት ልጅ ወልዳለች፤ የሕፃኗ ድምፅ ሌላ ነው፣ ስታለቅስ ገበያው ድረስ ይሰማል፤ ወራጅ አለ ለማለት የምትቸገር አይመስለኝም። አያ ዘሩ አሁንም አጎቴን መንገድ ላይ ሲያዩ ያማትባሉ። ባለፈው ሰሞን ደግሞ ከዛሪማ አንድ ሰው ለቅሶ ልደርስ ብሎ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ መጣ። በር የከፈቱለት አጎቴ ናቸው። ሰውዬው በስም እንጂ በመልክ አያውቃቸውም። ልፋቱ አሳዘናቸውና አስገቡት። እግዜር ያጥናችሁ ሲላቸው «አሜን» አሉ፣ ስለ ሟች ደግነትም አብረው ሲጨዋወቱ ዋሉ።

ሰው ግን ዝም ብሎ አይሞትም። በጀቱ ጸድቆ ከምክር ቤቱ የተመለሱ ዕለት አጎቴ ፊታቸው ቀልቶ፣ ትንፋሻቸው አጥሮ ገቡ። ራት አቀረብኩ፤ አልነኩትም። ምድጃው አጠገብ ቆሙ፣ ኮታቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ክቡራትና ክቡራን» አሉ ለእኔ።

በረዶ የዋጠውን ያን ንግግር ከመጀመሪያው ጀመሩት። ስለ አምፖሉ ተናገሩ፣ ስለ ማገዶው ተናገሩ፣ ስለ ውሃው ተናገሩ። ወጡ ቀዘቀዘ፣ እሳቱ ከሰለ፣ ዓይኔ ተከደነ። ጋሼ፣ ነገ ሥራ አለኝ፣ እዚህ ላይ አውርዱኝ ማለት ጉሮሮዬ ድረስ መጣችና እዚያው ተቀመጠች። እኔም አብሬያት ተቀመጥኩና እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄድኩ።